በሞተሩና በጎማው መካከል
የገዳሪፍ የመኪና እርሻ ታሪክ የሚሰጠን የጥገና ትምህርት

አንድ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ መኪና በፊታችን ቆሞአል እንበል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሣል፤ ድምፁም ጤነኛ ነው። ነገር ግን ነጂው የመንጃውን ፔዳል ቢረግጥ መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ሞተሩ አልቆለታል» ይላል፤ ሞተሩ ግን እየጮኸ ነው። ሌላው «ጎማው ተይዟል» ይላል፤ መኪናውን ገፋ ሲያደርጉት ግን ጎማው ያለ ችግር ይሽከረከራል። እንግዲያው ጉድለቱ በሞተሩም በጎማውም የለም። ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የዚያን የመካከል ነገር ታሪክ ነው። ስለ ዘመናዊ እርሻ ሲወራም ሆነ ሲጻፍ ስንት ትራክተር ገባ፣ ስንት ኩንታል ተመረተ የሚለው በቅድሚያ ይነሣል። የመጀመሪያው ቁጥር የሞተሩ ነው፤ ሁለተኛው የጎማው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም የንጹሕ ዘይቱ፣ የመለዋወጫው፣ የሜካኒኩ፣ የአራሚውና የአጫጁ፣ እንዲሁም የመሬቱ ዕረፍት ጉዳይ ሳይነሣ ይቀራል። ይህ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ ለማየት ከመተማ ማዶ ያለው የገዳሪፍ አገር ጥሩ መማሪያ ስለሆነ ታሪኩን ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር አብረን እንመረምራለን። የሌላ አገር ነገር ነው ተብሎም መታለፍ የለበትም፤ በዚያ መሬት ላይ የብዙ ኢትዮጵያውያን ላብ ፈስሶአልና። ዘመኖቹን፣ የኢትዮጵያ ብለን ካልለየናቸው በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ኃይል በዘይት ሲጓዝ

የሞተርን ኃይል ወደ ጎማ ለማድረስ የተለመደው መንገድ የጥርስ ማርሽ ነው። በካምቢዮ ውስጥ አንዱ ጥርስ ሌላውን እየገፋ ኃይሉን ያስተላልፋል፤ ፍሪሲዮኑም ማርሽ በሚለወጥበት ጊዜ ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል። ሁለተኛው መንገድ ኃይሉን በዘይት መላክ ነው። ይህም ሃይድሮስታቲክ ማስተላለፊያ ይባላል።

የሐሳቡ ሥር የፈረንሳዊው ሊቅ የብሌዝ ፓስካል ሕግ ነው። ፓስካል ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1663፣ በታተመው ጽሑፉ እንደ ተገለጸው በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት ሳይቀንስ በየአቅጣጫው ይተላለፋል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ይህንኑ ሕግ ይዞ በ1795 በውሃ ግፊት ለሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አገኘ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ዊልያምስና ጃኒ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች በዘይት የሚሠራ ማስተላለፊያ አዘጋጁ፤ ይኸውም በጦር መርከብ ላይ ከባድ መድፎችን ለማንቀሳቀስ ዋለ።

ወደ እርሻ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የእርሻ ምሕንድስና ተቋም በ1954 በዘይት ማስተላለፊያ የሚሄድ የሙከራ ትራክተር አሳየ። የአሜሪካው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተርም በ1967 ባለ 656 ቁጥሩን ትራክተር በዚሁ ማስተላለፊያ ለገበያ አቀረበ። የሣር ማጨጃ የሚባለው መሣሪያ ራሱ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ በ1830 የፈለሰፈው ኤድዊን ቡዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ማጨጃው በሰው ጉልበት የሚገፋ ነበር። ዛሬ በብዙ ኮምባይነሮች ላይ የሚገኘው ማስተላለፊያና በትንሿ የሣር ማጨጃ ላይ የሚገኘው በመጠን እንጂ በመሠረተ ሐሳብ አይለያዩም። ስለዚህ ትንሿን የተረዳ ተማሪ ትልቁንም ለመረዳት መንገድ ጀምሮአል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በቺንጊያ አማካይነት አንድ ፓምፕ ያዞራል። በፓምፑ ውስጥ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ትናንሽ ፒስተኖች አሉ፤ እነርሱም ማዘንበል በሚችል ሳህን ላይ ይደገፋሉ። ሳህኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ፒስተኖቹ ቢዞሩም ስለማይመላለሱ ዘይት አይገፉም፤ መኪናውም ይቆማል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ሳህኑ ያዘነብላል፤ ፒስተኖቹም ዘይቱን እየሳቡና እየገፉ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ወደ ሃይድሮሊክ ሞተሩ ይልኩታል፤ እርሱም ጎማውን ያዞራል። ሳህኑ ይበልጥ ባዘነበለ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በተቃራኒው ሲያዘነብል መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለሆነም ፍሪሲዮን መርገጥና ማርሽ መለወጥ የለም።

ለዚህ ምቾት ግን ዋጋ ይከፈላል። ዕቃዎቹ እጅግ ተጠጋግተው የሚሠሩ ስለሆኑ ዐይን የማያየው አቧራ ዘይቱ ውስጥ ቢገባ ይፍቃቸዋል። ዘይቱ ኃይል ተሸካሚ፣ አለስላሽና ሙቀት አብራጅ ነው፤ እርሱ ሲበላሽ ሦስቱም ሥራ ባንድ ላይ ይበላሻል።

በገላባት የታየው

እንግዲህ ወደ ገዳሪፍ መንገድ እንግባ። መንገዱ የሚጀምረው ከመተማና ከገላባት ነው፤ ሁለቱ ከተሞች በድንበሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው። መተማ ለእኛ ከሁሉ በፊት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በማርች 1889 ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ ናት። ከ51 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ በመኪና ኃይል የተደረገ ሌላ ውጊያ ነበር።

ጣሊያኖች በጁላይ 1940 ገላባትን ከእንግሊዞች ያዙ። በኖቬምበር 6 ቀን 1940 ብርጋዴር ዊልያም ስሊም 10ኛውን የህንድ እግረኛ ብርጌድ ይዞ መልሶ ማጥቃት ጀመረ። 12 ታንኮችም ተሰጥተውት ነበር። የገላባት ምሽግ በዚያው ጠዋት ተያዘ። ቀጥሎ ወደ መተማ መሻገር ሲያስፈልግ ግን ከታንኮቹ አብዛኞቹ ቆመው ተገኙ። ከፊሎቹን ፈንጂ መትቶአቸዋል፤ የሌሎቹን ሰንሰለት ሣር የሸፈነው ቋጥኝ አበላሽቶታል። የባሰው ደግሞ መለዋወጫ የጫነው የጥገና መኪና በጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ መመታቱ ነው። ታንኮቹን በቶሎ ጠግኖ ማሰለፍ ስላልተቻለ መተማ ሳትያዝ ቀረች፤ ብርጌዱም ከገላባት ምሽግ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ተገደደ።

በእርግጥ የዚያን ቀን ውጤት የወሰነው የታንክ ሰንሰለት ብቻ አይደለም፤ የጣሊያን አየር ኃይል ብርታት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቢሆንም ታሪኩ አንድ ነገር ያስተምረናል። ታንኩ ነበረ፤ ነዳጁ ነበረ፤ ነጂውም ነበረ። የጎደለው በሞተሩና በመሬቱ መካከል ያለው ሰንሰለትና እርሱን የሚተካው መለዋወጫ ነው።

ገደምበሊያ

ከገላባት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ገዳሪፍ ከተማ ይደርሳል። አገሩ ሜዳ ነው፤ አፈሩ እኛ መረሬ የምንለው ጥቁር ጭቃ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያጣብቃል። ዝናቡ በአብዛኛው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ይጥላል። ማሽላና ሰሊጥ ይበቅልበታል። ከከሰላ በገዳሪፍ በኩል ሰናር የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ በ1929 ከተጠናቀቀ ወዲህ የአገሩ እህል ወደ መካከለኛው ሱዳንና ወደ ፖርት ሱዳን የሚጓዝበት መንገድ አገኘ።

የመኪና እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለሚገኘው ሠራዊቱ እህል ስላስፈለገው በ1944 እና በ1945 መካከል ከገዳሪፍ አጠገብ ገደምበሊያ በተባለ ቦታ በትራክተር ማሽላ ማምረት ጀመረ። መጀመሪያ መንግሥት ራሱ በቀጥታ አረሰ። ቀጥሎም መሬቱን ለገበሬዎች እያከፋፈለ፣ መኪናውን እርሱ እያቀረበ፣ ምርቱን ከእነርሱ ጋር ይካፈል ጀመር። ይህም አላዋጣም። በ1954 አካባቢ ሥራው ለግል ባለ ገንዘቦች ተለቀቀ፤ ለእያንዳንዳቸውም 1,000 ፈዳን፣ ማለት 420 ሄክታር ያህል መሬት በኪራይ ይሰጥ ጀመር። በ1968 የሱዳን የመኪና እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም ብድር ሰጠ። ከዚያ በኋላ የታረሰው መሬት በሚሊዮን ፈዳን እስኪቆጠር ድረስ ሰፋ።

የእርሻው አሠራር ቀላል ነበር። አንድ ትራክተር ሰፊ ዲስክ ይጎትታል፤ በዲስኩ ላይ የዘር ሣጥን ተቀምጦአል። መኪናው አንድ ጊዜ ሲያልፍ አፈሩን ከላይ ከላይ ይገለብጣል፣ አረሙን ይቆርጣል፣ ዘሩንም ይጥላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚሠራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ቀደም ቢሉ አረሙ ገና አልበቀለምና ዲስኩ አያጠፋውም፤ ዘግየት ቢሉ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ትራክተሩን ይውጠዋል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ አንድ ኩሽኔታ ተሰብሮ ትራክተሩ አሥር ቀን ቢቆም የጠፋው የኩሽኔታው ዋጋ አይደለም፤ ዓመቱ ነው።

የአገራችን ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሞፈሩንና ቀንበሩን የሚያበጀው፣ ማረሻውን ወደ አንጥረኛ የሚወስደው ዝናቡ ሲያጉረመርም ሳይሆን ገና በበጋው ነው። በመኪና እርሻም ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሞፈር ከአገር ዛፍ ሲቆረጥ ኩሽኔታ ግን ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሱዳን የውጭ ምንዛሪና የነዳጅ እጥረት ሲያጋጥማት መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። አዲስ ትራክተር በብድር ሊገኝ ይችላል፤ ብድሩ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያስፈልገውን ፊልትሮ ይዞ አይመጣም።

መኪና ያልደረሰበት እጅ

«የመኪና እርሻ» የሚለው ስም ራሱ ጥቂት ያሳስታል። በገዳሪፍ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በመኪና ሲሠራ የኖረው መጀመሪያውና መጨረሻው ነው። መጀመሪያው እርሻና ዘር ነው። መጨረሻው ውቂያ ነው፤ ይኸውም ኮምባይነሩ በአንድ ቦታ ቆሞ፣ የተቆረጠው የማሽላ ራስ እየቀረበለት የሚፈጸም ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ፣ ማለትም አረም ማረምና አጨዳ፣ በሰው እጅ ይሠራ ነበር። ሰሊጡም በእጅ ይታጨዳል፤ ይታሠራል፤ ይከመራል፤ ሲደርቅ ይራገፋል። የደረሰ ሰሊጥ ፍሬውን ስለሚያፈስስ ቀን አይሰጥም፤ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ እዚህም ላይ የመካከሉ ነገር ተገኘ። መኪናው ብዙ ሄክታር ባረሰ ቁጥር የአራሚና የአጫጅ ፍላጎት አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ። ይህን ሥራ የሠሩት ከምዕራብ ሱዳን የመጡ ሰዎች፣ ከምዕራብ አፍሪካ ዘር የሆኑ የሱዳን ነዋሪዎችና ከድንበሩ ወዲህ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ትራክተሩ በመዝገብ ተጽፎአል፤ የእነርሱ ስም ግን በብዛት አልተጻፈም።

ሰቲትን ተሻግሮ

በእኛ በኩል ያለው ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰቲት ተብሎ በሚጠራው በተከዜ ዳር፣ በሁመራ ቆላ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ትራክተር የያዙ ባለ ገንዘቦች ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ማምረት ጀመሩ። በየዓመቱ በአረምና በአጨዳ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ከደጋው ይወርድ ነበር። ወባውንና ሙቀቱን ተቋቁሞ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ለመመለስ የሚመኝ ሰው ነበር። በዚህም በኩል ትራክተር የመጀመሪያውን ሠራ፤ የሰው እጅ የመካከሉን ያዘ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ትላልቆቹ የግል እርሻዎችም ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጡ። ወዲያውም የድንበሩ አካባቢ የጦር ሜዳ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት በ1969 ዓ.ም. ሁመራንና መተማን ለጊዜው ያዘ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት መልሶ ያዛቸው። ብዙ ሰው ወደ ሱዳን ተሰደደ። በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ኡም ራኩባ የተባለው የስደተኞች ሰፈር በ1976 ተከፈተ፤ ከገዳሪፍ ከተማ አጠገብ ደግሞ ተዋዋ የተባለው ሰፈር አለ። በ1984 እና በ1985 በድርቁና በጦርነቱ ጊዜ የስደተኛው ቁጥር እጅግ በዛ። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ኑሮአቸውን ለመደገፍ በዚያው በመኪና እርሻዎች ውስጥ የአረምና የአጨዳ ሠራተኞች ሆኑ። ኡም ራኩባ በ2000 ከተዘጋ በኋላ በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ምክንያት ለተሰደዱት እንደገና ተከፈተ። በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌሎች ቦታዎች የተፈናቀሉትን ተቀበለች፤ ብዙዎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ።

ጦርነት መኪናን የሚያጠፋው በጥይት ብቻ አይደለም። ነጂው ሲሰደድ፣ ሜካኒኩ ሲበተን፣ የጥገና መዝገቡ ሲጠፋ መኪናው ሳይመታ ይሞታል። ዘይቱ በጊዜው ሳይለወጥ፣ ጎሚኒው ፀሐይ እየመታው ይደርቃል። ሰላም ሲመለስም ብረቱ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ የሚያውቀው ሰው ግን የለም።

የሣር ማጨጃው ለምን አልሄደም?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ ጥሩ ሜካኒክ ጉድለት የሚፈልገው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ዋጋ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው እየሄደ ነው። ካምቢዮ ለማውረድ አይቸኩልም። ከሁሉ በፊት መኪናውን በደልዳላ ቦታ ያቆማል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ ቁልፉን ይነቅላል፤ የእጅ ፍሬኑን ይይዛል፤ ጎማውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያግዳል። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሊገባ ስለሚችል የሚያፈስስበትን ቦታ በእጁ አይዳስስም።

ከዚያም በተራ ይመረምራል። አንደኛ፣ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ አንድ የማለፊያ ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ ሲከፈት ዘይቱ ጎማ በማዞር ፋንታ በአቋራጭ ይመለሳል፤ መኪናውን ሞተር ሳይነሣ ለመግፋት የተሠራ ነው። ከተገፋ በኋላ ዘንጉን መመለስ ከተረሳ ሞተሩ ቢጮህም መኪናው አይሄድም። የእኛ መኪና ሲገፋ በቀላሉ መሽከርከሩን ልብ ብለን ከነበረ መልሱ ከመጀመሪያውም በፊታችን ነበር፤ የማለፊያው ዘንግ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በዘይቱ ተይዞ በቀላሉ አይገፋም ነበርና። ዘንጉ ክፍት በሆነ ጊዜ ማስተላለፊያው መኪናውን ስለማይዝ በቁልቁለት ላይ ፈጽሞ መክፈት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ቺንጊያው ተበጥሶ፣ ላልቶ ወይም ዘይት ነክቶት እየተንሸራተተ እንደሆነ ያያል። ሦስተኛ፣ ከፔዳሉ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ዘንግ ወልቆ እንደሆነ ይመለከታል። አራተኛ፣ ጎማውን ከአክሱ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ተቆርጦ እንደሆነ ይፈትሻል። አምስተኛ፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ የዘይቱን ልክ ያያል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ብቻ ወደ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

ምልክቶቹም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። መኪናው ጠዋት በደንብ ሄዶ ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ ዘይቱ አርጅቶአል ወይም ሲሞቅ ከመጠን በላይ ይቀጥናል፤ ፓምፑም አልቆ ሊሆን ይችላል። የሚያፏጭ ወይም የሚያለቅስ ድምፅ ካለ ዘይት ጎድሎአል ወይም አየር ገብቶአል። ፔዳሉ ሳይረገጥ መኪናው ቀስ እያለ የሚሳብ ከሆነ የማቆሚያው ልክ ተዛብቶአልና ማስተካከል ያሻል። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ በማቀዝቀዣው ፕሮፔለርና በቤቱ ላይ ሣርና አቧራ ተጋግሮ እንደሆነ ይታያል። በጥቁር አፈር አገር ይህ የመጨረሻው የዘወትር በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ብሩሽ ነው።

ዘይት ሲለወጥ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው ይጠረጋል፤ አቧራው የሚገባው በዚያች ደቂቃ ነውና። የሚሞላው ዘይት የፋብሪካው መጽሐፍ የሚያዝዘው መሆን አለበት። ብዙ ትናንሽ መኪናዎች 20-50 ተብሎ የሚታወቀውን የሞተር ዘይት ሲቀበሉ ሌሎች የተለየ ይፈልጋሉ፤ ጭራሹን እንዳይከፈቱ ታሽገው የሚመጡም አሉ። ከተሞላ በኋላ አየሩ መውጣት አለበት። የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው መኪናው በጠንካራ ነገር ይደገፋል፤ የማለፊያው ዘንግ ተከፍቶ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ፔዳሉ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይረገጣል። ከዚያ ዘንጉ ተዘግቶ ይኸው ይደገማል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ እንደገና ይለካል፤ የጎደለው ይሞላል።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት መኪና አያስፈልግም። ትንሽና ትልቅ ሁለት ሲሪንጆች ያለ መርፌ ወስደን በቀጭን የጎማ ቱቦ እናያይዛቸው፤ ውሃም እንሙላባቸው። የትንሹ ፒስተን ስፋት 2፣ የትልቁ 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ትንሹን በ10 ኒውተን ስንገፋ ትልቁ በ40 ኒውተን ይገፋል፤ ነገር ግን ትንሹ 4 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ትልቁ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። በጉልበት ያተረፍነውን በርቀት ከፈልን ማለት ነው። ቀጥሎ በቱቦው ውስጥ ጥቂት አየር እናስገባ። አሁን ትንሹ ሲገፋ አየሩ ይጨመቃል እንጂ ትልቁ ወዲያው አይንቀሳቀስም። አየር ለምን መውጣት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

መሬቱም ጥገና ይሻል

የገዳሪፍ ታሪክ ከባዱ ትምህርት ግን ከመኪናው ይልቅ በመሬቱ ላይ ያለው ነው። መሬቱ በኪራይ ሲሰጥ ከፊሉ ሳይዘራ እንዲያርፍ የሚል ግዴታ ነበረበት። ከዚያም በፊት በሱዳን የሙጫ አገሮች የቆየ ልማድ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ታርሶ የደከመው መሬት ይተውና የሙጫ ዛፍ የሆነው ሐሻብ ይበቅልበታል፤ ዛፉ ለብዙ ዓመታት ሙጫ እየሰጠ አፈሩን ይመልሰዋል። ትራክተሩ ሲመጣ ዛፉ ተመነጠረ። ግዴታውንም ብዙዎች አልጠበቁትም። በኪራይ ለተያዘ መሬት የነገውን የሚያስብ ስላልነበረ ማሽላ በማሽላ ላይ በየዓመቱ ተዘራ፤ መሬቱ ሲደክም ወደ ሌላ አዲስ መሬት መሄድ ቀላል ነበር።

ውጤቱ በጊዜው ታየ። ከአንድ ፈዳን የሚገኘው ምርት ቀነሰ፤ እርሻው የጨመረው በመስፋት እንጂ በመሻሻል አልነበረም። እኛ አቀንጭራ የምንለው፣ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠው አረም በረታ። ሱዳኖች ይህን አረም ቡዳ ይሉታል። ስሙ ለእኛ ጆሮ ብዙ ይናገራል፤ በልቶ የሚያከሳውን ሳይታይ የሚበላ ነውና። አቀንጭራ ግን በምትሐት አይመጣም፤ ዘሩ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ ማሽላ ሳይለዋወጥ በተዘራበት ሁሉ ይበዛል። በሰሊጥና በሌላ ሰብል ማፈራረቅ፣ መሬቱን ማሳረፍ፣ ዘር ሳይጥል መንቀል መከላከያዎቹ ናቸው።

መሬትን ሳያሳርፉ ማረስ ዘይት ሳይለውጡ መኪና እንደ መንዳት ነው። መኪናው በመጀመሪያው ዓመት አይቆምም፤ በሁለተኛውም ላይቆም ይችላል። ነጂው «ምንም አልሆነም» እያለ ይቀጥላል። በመጨረሻ ሲቆም ግን አዲስ ዘይት አያስነሣውም። መኪናው በሌላ ይተካ ይሆናል፤ መሬት ግን ፋብሪካ የለውም።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ምንድን ነው? መኪና አያስፈልግም አንልም፤ በገዳሪፍም ሆነ በሁመራ ያለ ትራክተር ያን ያህል መሬት ሊታረስ ባልተቻለም ነበር። የምንለው አንድ ነገር ነው። መኪና ሲገባ ማን እንደሚጠግነው፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ በመካከል ያለውን የእጅ ሥራ ማን በምን ክፍያ እንደሚሠራ፣ መሬቱም መቼ እንደሚያርፍ አብሮ ካልታሰበ የተገዛው ድምፅ ብቻ ይሆናል።

የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸው በየአካባቢያቸው ያሉትን አሮጌ ትራክተሮች፣ ወፍጮዎችና የውሃ ፓምፖች ታሪክ እንዲጽፉ ቢያደርጉ መልካም ነው። መቼ መጣ? ማን ነዳው? ማን ጠገነው? ለምን ቆመ? የሚሉት አራት ጥያቄዎች ለመነሻ ይበቃሉ። በሁመራም ሆነ በገዳሪፍ አርመው፣ አጭደው ወይም ጠግነው የተመለሱ ሽማግሌዎች በብዙ ቀበሌዎች ይገኛሉ፤ ሳያልፉ ይጠየቁ። የፊዚክስ መምህራንም በሁለቱ ሲሪንጆች ይጀምሩ። ትምህርት ቤቱ ማንኛውም ዓይነት መኪና ካለው ደግሞ አንድ ደብተር ይመደብለት፤ ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የሠራው ሰዓት፣ የታየው ምልክት ይጻፍበት። ደብተሩን የሚይዘው ተማሪ ያን ጊዜ የታሪክ ጸሐፊም፣ የሜካኒክ ረዳትም ይሆናል።